አንድ ተሕዋስ፣ ብዙ ዕጣ

በ1929 መገባደጃ በሰሜን ጀርመኗ የሉቤክ ከተማ አራስ ሕፃናትን ከሳንባ ነቀርሳ ለመጠበቅ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። ቢሲጂ የሚባለው ክትባት ያኔ በመርፌ ሳይሆን በአፍ ይሰጥ ነበር፤ ሕፃኑ በተወለደ በ10 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠጣዋል። እስከ 1930 የጸደይ ወራት ድረስ 250 ያህል ሕፃናት ወሰዱት። ክትባቱ በተሰናዳበት ቤተ ሙከራ ግን የተዳከመው ባክቴሪያ ከገዳዩ የነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር ተደባልቆ ኖሯል። ከ70 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኃላፊዎቹ ሐኪሞች ተፈረደባቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተረፉት ግን ከሞቱት ይበዙ ነበር። ብዙዎቹ ታምመው ዳኑ፤ ምንም የሕመም ምልክት ያላሳዩም ነበሩ። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት በየጊዜው የተሰናዳው ክትባት የያዘው የገዳይ ባክቴሪያ መጠን እኩል አለመሆኑ ነው። ቢሆንም ከአንድ ዝግጅት በወሰዱት ሕፃናት መካከል እንኳ አንዱ ሞቶ ሌላው ድኗል። ተሕዋሱ አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ ከተማው አንድ ሆኖ ዕጣው ለምን ተለያየ? ላለፈው መቶ ዓመት የሕክምና ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ኖሯል። መልሱ አንድ ቦታ ላይ አልተገኘም፤ ሆኖም ከተገኘባቸው ቦታዎች ዋነኛው በሴሎቻችን ላይ ተተክለው ከውጭ የመጣውን የሚለዩት ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። የእነዚህ ፕሮቲኖች ቅርጽና ብዛት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዩነቱም በዘር ይወረሳል።

ዘር ወይስ ቤት?

ሮበርት ኮክ በ1882 የነቀርሳን ባክቴሪያ ለይተው ካሳዩ በኋላ በሐኪሞች እጅ አንድ ትልቅ መልስ ገባ፦ ተሕዋሱ ከሌለ በሽታው የለም። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ተሕዋሱ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። በ1892 በሙኒክ የሚኖሩት የጤና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር፣ ኮክ ስለ ኮሌራ ባሉት ተሳስተዋል ለማለት፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው ሳለ የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ጠጡ። ትንሽ ተቅማጥ ይዟቸው አለፈ። ሙከራውን የደገሙት ረዳታቸው ግን ጠና ያለ ሕመም አገኛቸው። ፔተንኮፈር በባክቴሪያው ጉዳይ ተሳስተው ነበር፤ ሳያስቡት ግን ሌላ እውነት አሳይተዋል።

በቱኒስ የፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሻርል ኒኮል ደግሞ በታይፈስ የተያዙ እንስሳት ትኩሳት እንኳ ሳይታይባቸው ተሕዋሱን ይዘው እንደሚኖሩ አስተዋሉ። በሽታና ኢንፌክሽን አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚያ ወዲህ ግልጽ ሆነ። እንግሊዛዊው ሐኪም አርኪባልድ ጋሮድ በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ የሰውነት ኬሚስትሪ ይዞ እንደሚወለድ፣ ለአንዳንድ በሽታ መጋለጡም ከዚሁ እንደሚመነጭ ተከራከሩ። ዘመኑ የተሕዋስ አዳኞች ዘመን ስለነበር ብዙ ሰሚ አላገኙም።

ጋሮድን የሚደግፍ ቁጥር የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ1924 እስከ 1926 ተወልደው ገና በጨቅላነታቸው ለማያውቋቸው ቤተሰቦች በማደጎ የተሰጡ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። ውጤቱ በ1988 ታተመ። የወለደው አባት ወይም የወለደችው እናት 50 ዓመት ሳይሞላቸው በተላላፊ በሽታ ከሞቱ፣ ልጁ በተላላፊ በሽታ በወጣትነቱ ወይም በጉልምስናው የመሞት ዕድሉ ከአምስት እጥፍ በላይ ከፍ ይል ነበር። ያሳደጉት ወላጆች በተላላፊ በሽታ መሞታቸው ግን ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። በካንሰር ላይ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ የከበደው ያሳደገው ቤት ነበር። ብዙ ሰው የሚያስበው ካንሰር የዘር፣ ተላላፊ በሽታ የአካባቢ እንደሆነ ነውና፣ ጥናቱ ይህን ልማዳዊ አስተሳሰብ ገለበጠው። እንግዲህ የቀረው የትኛው ዘረመል ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

ቫይቫክስ የማይገባበት ደም

የመጀመሪያው ጥርት ያለ መልስ የመጣው ከወባ ነው፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ነበር። በ1917 የቪየናው ሐኪም ዩሊየስ ዋግነር ያውሬግ እስከ አንጎል የዘለቀ ቂጥኝ የያዛቸውን ሕሙማን ወባ እያስያዙ ማከም ጀመሩ፤ የወባው ትኩሳት ቂጥኙን ያዳክመዋል ብለው ነው። በ1927 ኖቤል ተሸለሙበት። ዘዴው አሜሪካ ሲደርስ ሐኪሞቹን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው፦ ከጥቁር አሜሪካውያን ሕሙማን ብዙዎቹን ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት አልይዝ አላቸው።

ምስጢሩ የተፈታው በደም ዓይነት በኩል ነው። ዳፊ የተባለው የደም ዓይነት በ1950 ታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ይህ ፕሮቲን እንደሌላቸው ታየ። በ1975 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቻቸው፣ ዳፊ የሌለው ቀይ የደም ሴል የቫይቫክስ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የዝንጀሮ ወባ እንደሚቋቋም በቤተ ሙከራ አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ ቫይቫክስ በያዙ ትንኞች የተነከሱ ፈቃደኞችን ውጤት አሳተሙ። ዳፊ የሌላቸው አምስት ሰዎች አልተያዙም፤ ዳፊ ያላቸው ተያዙ። የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ቀይ የደም ሴል ለመግባት የሚጨብጠው ያንኑ ፕሮቲን ነበር።

በ1990ዎቹ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። አንደኛው፣ ዳፊ የደም ዓይነት መለያ ብቻ አይደለም፤ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቁስል የሚጠሩትን ኬሞካይን የተባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎች የሚይዝ የመከላከያ ሥርዓት ተቀባይ ነው። ሁለተኛው፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ዘረመሉ አልጎደላቸውም። ከዘረመሉ በፊት ባለው ማዘዣ ክፍል አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተለውጣለች፤ በዚህ ምክንያት ፕሮቲኑ ከቀይ የደም ሴል ላይ ብቻ ይጠፋል፣ በሌላው የሰውነት ክፍል ግን እንዳለ ይቀራል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ዳፊ ያለው ሰው ማግኘት ስለሚከብድ ቫይቫክስ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋነኛው የወባ ምክንያት ሆኖ ኖሯል። ከ2010 ወዲህ መጀመሪያ ከማዳጋስካር፣ ቀጥሎም ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ሊያዙ እንደሚችሉ አረጋግጠዋል። ፍጹም የመሰለው መከላከያ ፍጹም አልነበረም።

ይህ የዘረመል ለውጥ ሌላ ውጤትም አለው። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ዝቅ የሚለው በዋነኛነት በዚሁ የዳፊ ለውጥ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ቢያንስም ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የነጭ የደም ሴል ቁጥር ዝቅ ብሎ መገኘቱ በ1987 በሕክምና መጽሔት ላይ ተዘግቦ ነበር። ምክንያቱን የማያውቅ ሐኪም ይህን ቁጥር እንደ በሽታ ሊያየው፣ ወይም በቁጥሩ ፈርቶ የካንሰር መድኃኒት ሊቀንስ ይችላል።

ሺህ መልክ ያለው ሞለኪውል

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከደም ልገሳና ከአካል ንቅለ ተከላ ነው። በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ፣ ደም ደጋግመው የተለገሱ ሰዎች የሌላውን ሰው ነጭ የደም ሴል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል እንደሚሠሩ አሳዩ። ከዚህ ተነሥቶ ኤችኤልኤ የተባለው የሞለኪውል ቤተሰብ ተገኘ። የአንዱ ሰው ኩላሊት ለሌላው የማይስማማው በእነዚህ ሞለኪውሎች ምክንያት ነው። ግን ተፈጥሮ ለሐኪሞች ንቅለ ተከላ እንቅፋት ልትሆን ብላ እንዳልፈጠረቻቸው ግልጽ ነው፤ እውነተኛ ሥራቸው ምን ይሆን?

በ1974 በካንቤራ ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናጌል በአይጥ ላይ ባደረጉት ሙከራ መልሱን አገኙ። በቫይረስ የተያዘን ሴል የሚገድለው ቲ ሴል ቫይረሱን ብቻውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የቫይረሱ ቁራጭ የራስ በሆነ ሞለኪውል ላይ ተቀምጦ ሲታይ ነው። የኤችኤልኤ ሞለኪውል በገበያ ላይ እህል ሻጭ ከኬሻው ዘግና እፍኝ ናሙና እንደምታሳይ፣ በሴሉ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እያወጣ በሴሉ ገጽ ላይ ያሳያል። ቲ ሴል ያንን አይቶ ይፈርዳል። የትኛው ቁራጭ እንደሚታይ የሚወስነው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። እስከ አሁን የተመዘገቡት የኤችኤልኤ ዘረመል ዓይነቶች ከ30,000 በላይ ናቸው። በሰው ዘረመል ውስጥ ይህን ያህል የሚለያይ ሌላ ስፍራ የለም።

ልዩነቱ በበሽታ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በአፍሪካ ምድር ካሳዩት መካከል ኤድሪያን ሂልና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። በ1991 በጋምቢያ ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ ቢ53 የተባለው የኤችኤልኤ ዓይነት ያላቸው ልጆች በከባድ ወባ የመያዝ ዕድላቸው 40 በመቶ ያህል ዝቅ እንደሚል አመለከተ። ቢ53 በምዕራብ አፍሪካ የተለመደ፣ ከዚያ ውጭ ግን ብርቅ ነው። ወባ ብዙ ሕፃናትን በሚገድልበት ስፍራ የሚጠቅመው ዓይነት በትውልድ ብዛት እንደበዛ መገመት አይከብድም።

ኤች አይ ቪ ሲመጣ ምስሉ ይበልጥ ጠራ። ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ለዓመታት አዳክመው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ቢ57 ወይም ቢ27 የተባለውን ዓይነት የያዙ ናቸው። ቢ57 ለቲ ሴል የሚያሳየው የቫይረሱ ቁራጭ ቫይረሱ ራሱን ሳይጎዳ ሊለውጠው የማይችለው ክፍል ነው፤ ቢለውጠው መባዛት ያቅተዋል፣ ባይለውጠው ይያዛል። ቢ35 ያላቸው ሰዎች በአንጻሩ ወደ ኤድስ ቶሎ ይደርሱ ነበር። ከአባትና ከእናት የወረሱት ኤችኤልኤ የተለያየ የሆነላቸው ደግሞ፣ ብዙ ዓይነት ቁራጭ ማሳየት ስለሚችሉ፣ አንድ ዓይነት ከወረሱት ይልቅ ለረዥም ጊዜ ቆዩ።

ሆኖም ቢ57 በነጻ የተገኘ ስጦታ አይደለም። ከዚሁ ዓይነት አንዱን ንዑስ ዓይነት የያዙ ሰዎች አባካቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲወስዱ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊነሣባቸው ይችላል፤ ስለዚህ በብዙ አገሮች ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራ ይደረጋል። ቢ27 ያላቸው ደግሞ አከርካሪን የሚያደርቅ የመገጣጠሚያ በሽታ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይይዛቸዋል። መከላከያ የሚመስለው ሁሉ ዋጋ አለው።

የ1996 መኸር

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ 1996 የተጨናነቀ ዓመት የለም። በዚያ ዓመት ዶኸርቲና ዚንከርናጌል ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ዓመት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሦስት ሌሎች ግኝቶች በወራት ልዩነት ታተሙ።

የመጀመሪያው ሲሲአር5 ነው። ስቲቭ ክሮን የተባሉ አሜሪካዊ በኒውዮርክና በሎስ አንጀለስ ወዳጆቻቸው በኤድስ አንድ በአንድ ሲያልቁ እሳቸው ግን ለቫይረሱ ተጋልጠውም ሳይያዙ ቀሩ፤ ሰውነታቸው እንዲጠና ራሳቸውን ለተመራማሪዎች አቀረቡ። ቲ ሴሎቻቸው ላይ ኤች አይ ቪ ለመግባት የሚጠቀምበት ሲሲአር5 የተባለ የኬሞካይን ተቀባይ አልነበረም። ከዘረመሉ 32 ፊደሎች ወድቀዋል፤ ይህንንም ከሁለቱም ወላጆች ወርሰውታል። በሰሜን አውሮፓ ከ100 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ለውጡ የለም ማለት ይቻላል። በ2007 የበርሊን ሐኪሞች ቲሞቲ ሬይ ብራውን ለተባሉ የደም ካንሰርና ኤች አይ ቪ ሕመምተኛ ይህ ለውጥ ካለበት ለጋሽ መቅኔ ተከሉላቸው፤ ቫይረሱም ከሰውነታቸው ጠፋ። ሲሲአር5ን የሚዘጋ መድኃኒትም በዚያው ዓመት ተፈቀደ።

ይህን አይተው ተቀባዩን አላስፈላጊ ያሉ ነበሩ። በ2018 ቻይናዊው ሄ ጂያንኩዊ የሁለት ሕፃናትን ሲሲአር5 ገና በጽንስ ሳሉ መለወጣቸውን ሲያውጁ ዓለም ደነገጠ፤ እሳቸውም ታሰሩ። ከድንጋጤው ጀርባ ያለው አንዱ ምክንያት ቀደም ብሎ በ2006 የታወቀ ነበር፦ ሲሲአር5 የሌላቸው ሰዎች በዌስት ናይል ቫይረስ ሲያዙ ሕመሙ ይጠናባቸዋል። ኤች አይ ቪን የከለከለው ጉድለት ለሌላው ቫይረስ መንገድ ይከፍታል።

ሁለተኛው ግኝት ከማልታና ከቱኒዚያ በመጡ ልጆች ላይ ነው። ጤነኛ ሰው የማይጎዱ ደካማ የነቀርሳ ዘመድ ባክቴሪያዎች፣ ወይም የቢሲጂ ክትባት ራሱ፣ የልጆቹን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥሉ ነበር። በማልታ ልጆች ላይ ሜላኒ ኒውፖርት፣ በቱኒዚያ ልጅ ላይ ደግሞ የፓሪስ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ፦ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን ጠፍቷል። ነቀርሳን የዋጠ ሴል ባክቴሪያውን የሚገድለው ይህ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፤ ትእዛዙን የሚሰማበት ከሌለው ባክቴሪያው በሆዱ ውስጥ ይፈለፈላል። ሌላው የሰውነት መከላከያ እንዳለ ነበር። አንድ ተቀባይ ሲጎድል ለአንድ ወገን ተሕዋስ ብቻ መጋለጥ እንደሚመጣ ከዚህ በላይ ጥርት አድርጎ ያሳየ አልነበረም።

ሦስተኛው ከዝንብ መጣ። በስትራስቡርግ ዡል ሆፍማንና ብሩኖ ለሜትር፣ ቶል የተባለው ተቀባይ የጎደላትን የፍሬ ዝንብ ለፈንገስ አጋለጧት። ሞታ በተነሣችው ፎቶግራፍ ላይ የፈንገሱ ክር ሰውነቷን እንደ ጸጉር ሸፍኗት ይታያል። ቻርልስ ጄንዌይ በ1989 የተሕዋስን የጋራ ምልክት በውርስ የሚለዩ ተቀባዮች መኖር አለባቸው ብለው ተንብየው ነበር፤ ከዝንቧ ግኝት በኋላ በዓመቱ ከሩስላን መዚቶቭ ጋር ሆነው የቶልን ዘመድ በሰው ውስጥ አገኙ።

የደከመ ተቀባይ ሲያድን

በ1998 ብሩስ ቦይትለር ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባውን የአይጥ ዝርያ ምስጢር ፈቱ። ዝርያው ሌላውን አይጥ የሚገድል የባክቴሪያ መርዝ ቢወጋ አይሰማውም፤ ሳልሞኔላ ሲገባበት ግን በቀላሉ ይሞታል። ቲኤልአር4 በተባለው የቶል ተቀባይ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ተለውጦ ተገኘ። አይጡ መርዙን ስለማይለይ አይደነግጥም፤ ስለማይደነግጥም ተሕዋሱን አይዋጋም። ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ኖቤል ተሸለሙ።

ጥያቄው ወዲያው ወደ ሰው ዞረ። በ1999 በኔዘርላንድ ቦቨንካርስፔል በተካሄደ የአበባ ትርኢት ላይ ለዕይታ ከቀረበ የሙቅ ውኃ ገንዳ የተነሣ ጭጋግ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በትኖ ብዙ ጎብኚዎችን አሳመመ፣ በርካቶችንም ገደለ። ሕሙማኑ ካልታመሙት ጎብኚዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የባክቴሪያን ጅራት የሚለየው ቲኤልአር5 መሐል ላይ የተቆረጠባቸው ሰዎች በብዛት መታመማቸው ታየ። ቲኤልአር3 የጎደላቸው ልጆች ደግሞ በብዙ ሰው ከንፈር ላይ ቁስል ብቻ የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ አንጎላቸውን እንደሚያጠቃ ከ2007 ወዲህ ታወቀ፤ ዣን ሎራን ካዛኖቫና ባልደረቦቻቸው በዚህ መስክ ብዙ ሠርተዋል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ተቀባዩ ሲደክም ሰው ይታመማል። ከኢትዮጵያ የመጣ ውጤት ግን ይህን ቅለት ያፈርሳል። በ2009 የታተመ ጥናት ከ400 በላይ ኢትዮጵያውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ካልታመሙ ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በቲኤልአር4 ላይ ሁለት የታወቁ ለውጦች አሉ፤ ከአውሮፓ የወጡ ጥናቶች ተቀባዩን እንደሚያደክሙት ይናገራሉ። በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ግን እነዚህ ለውጦች ያሏቸው ሰዎች በሥጋ ደዌ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚኖረው በሰውነት መከላከያ ሴሎች ውስጥ ራሱ ነው፤ ጉዳቱም በከፊል የሚመጣው ሰውነቱ በሚያነሣው ቁጣ ነው። እንዲህ ላለ ተሕዋስ ቶሎ አለመቆጣት ይጠቅም ይሆናል። ስለዚህ «ጠንካራ» ወይም «ደካማ» የሚባል የመከላከያ ሥርዓት በደፈናው የለም። ያለው ለዚህ ተሕዋስ፣ በዚህ ምድር የሚበጅ ወይም የማይበጅ ነው።

የወላይታ ቀይ አፈር

ከተላላፊ በሽታ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ግን ከዚሁ ታሪክ ሳይርቅ የሚቆም አንድ በሽታ አለ። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለበት ስፍራ፣ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎች እግራቸው ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ፈሳሽ ይወጣዋል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ለረዥም ጊዜ ትል የሚያመጣው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት መስሏቸው ነበር። በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ትል የለበትም፣ ምክንያቱ አፈሩ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው የፈሳሽ መተላለፊያውን ያስቆጣሉ። በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ያለባቸው በሽታ ነው።

በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት ግን የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። በ2007 የታተመ ስሌት የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመያዝ ዕድል ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳየ። ከዚያም ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ አካባቢ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረመል በመላ አነጻጽረው በ2012 አሳተሙ። ከሰው ዘረመል ሁሉ ጎልቶ የወጣው ስፍራ ኤችኤልኤ ነበር፤ ለቲ ሴል ናሙና የሚያሳየው ያው የሞለኪውል ቤተሰብ። በጥናቱ ላይ ከተሳተፉት አንዷ በ1996 የማልታ ልጆችን የመረመሩት ሜላኒ ኒውፖርት ናቸው።

ይህ ግኝት በገጠር ያለውን አንድ መራራ ልማድ ይነካል። ዝሆኔ ያለበት ቤተሰብ «በዘራቸው ነው» እየተባለ ከጋብቻ ይገለላል፤ በአንዳንድ ስፍራ ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል። የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነበር። ሳይንሱ አሁን በዘር የሚወረስ ነገር መኖሩን አረጋግጧል፤ ግን ከዚሁ ጋር ፍርዱን ያፈርሳል። የወረሱት በሽታውን ሳይሆን ለአፈሩ የሚቆጣ ተፈጥሮን ነው። አፈሩ ቆዳውን ካልነካ ዘረመሉ ምንም አያመጣም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩንም በሳሙና የሚታጠብ ልጅ የቤተሰቡን ዘረመል እንደያዘ ሳይታመም ያረጃል። እንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ከሌላው ቀድሞ ጫማ ይገባዋል እንጂ መገለል አይገባውም።

ከኮቪድ ወዲህ

በ2020 መጀመሪያ በኔዘርላንድ ቀድሞ ጤነኛ የነበሩ አራት ወጣት ወንዶች፣ ከሁለት ቤተሰብ ሁለት ሁለት ወንድማማቾች፣ በኮቪድ 19 ምክንያት በመሣሪያ እስከ መተንፈስ ደረሱ፤ አንዱ ሞተ። ዘረመላቸው ሲነበብ በሁለቱም ቤተሰብ የቫይረስ አርኤንኤን የሚለየው ቲኤልአር7 ተበላሽቶ ተገኘ። ዘረመሉ ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ምትክ የለውም። ቀጥሎ የመጣ ሰፊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በታች ሆኖ በኮቪድ ለሞት ከተቃረቡ ወንዶች ከ100 አንዱ ገደማ ይህ ችግር እንዳለበት አሳየ።

የቀደመ ዘመን ውርስም ታየ። ሁጎ ዜበርግና ስቫንቴ ፔቦ በ2020 እንዳሳዩት፣ ኮቪድን ከሚያከብዱት ዋነኛ የዘረመል ክፍሎች አንዱ የመጣው ከጠፋው የሰው ዘመድ ከኒያንደርታል ነው። በዚያ ክፍል ላይ የኬሞካይን ተቀባዮች ዘረመል ይገኝበታል። በደቡብ እስያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ይዞታል፤ በአፍሪካ ግን የለም ማለት ይቻላል። ለበጎ የሆነም አለ፦ በ2023 የታተመ ጥናት ቢ15 ከተባለው የኤችኤልኤ ወገን አንዱን ዓይነት የያዙ ሰዎች ቫይረሱ ቢይዛቸውም ምንም ሳይሰማቸው የማለፍ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አመለከተ፤ ቲ ሴሎቻቸው ቀድሞ ከለመዷቸው የጉንፋን ቫይረሶች በመነሣት አዲሱን ይለያሉ።

የማን ዘረመል ተነበበ?

የዚህ ሁሉ ግኝት ትልቁ ክፍተት ያለው በቤተ ሙከራው ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው። በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳሰላው፣ በሽታን ከዘረመል ጋር ለማያያዝ በተደረጉ ታላላቅ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አፍሪካውያን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሰው ዘር ከአፍሪካ ስለተነሣ ሰፊው የዘረመል ልዩነት ያለው ግን እዚሁ ነው። ወባ፣ ነቀርሳ፣ ካላዛርና የሥጋ ደዌም እዚሁ ብዙ ሰው ያጠቃሉ። ብዙ በሽታና ብዙ ልዩነት ያለበት ምድር በጥቂቱ ተነበበ ማለት ነው።

ከተነበበው ጥቂት ግን ምን ያህል እንደተገኘ አየን፦ ቢ53 ከጋምቢያ፣ የቲኤልአር4 ተቃራኒ ውጤት ከኢትዮጵያ ሕሙማን፣ የዝሆኔ ኤችኤልኤ ከወላይታ። እነዚህ በአውሮፓ የተገኘውን የሚያረጋግጡ ማስረጃዎች ብቻ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የአውሮፓውን ድምዳሜ ያስተካክሉታል።

ይህ ማለት እያንዳንዱ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያ ዘረመሉ ይነበብ ማለት አይደለም። ነቀርሳን በብዛት የሚገድለው መድኃኒት፣ ወባን በብዛት የሚከለክለው አጎበር ነው፤ ዘረመል የእነዚህን ቦታ አይተካም። የሚጨምረው ነገር ግን አለ። አባካቪር ለማን እንደማይሰጥ ይነግራል። ቢሲጂ ያሳመመው ሕፃን ምን እንደጎደለው ይነግራል። የትኛው ቤተሰብ ጫማ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚያስፈልገው ይነግራል።

ከዚህ ውስጥ ዛሬውኑ፣ ያለ አንዳች አዲስ መሣሪያ ሊደረግ የሚችለው የላቦራቶሪ ወረቀትን ማስተካከል ነው። በብዙ ሆስፒታሎች የደም ምርመራ ውጤት ላይ የኒውትሮፊል ትክክለኛ መጠን ተብሎ የሚታተመው ቁጥር በዋነኛነት ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተወሰደ ነው። ዳፊ የሌለው ጤነኛ ኢትዮጵያዊ፣ አዲስ አበባም ይሁን ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን፣ በዚያ ወረቀት ላይ ሕመምተኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የዳፊ ዓይነት ምርመራ በደም ባንኮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የራስን ሕዝብ መጠን ማስላትም ከባድ ሳይንስ አይጠይቅም። የአንድን ሕዝብ ዘረመል ማወቅ የሚጀምረው ጤነኛውን ጤነኛ ብሎ ከመጥራት ነው።